በኦንላይን ሱቅ ላይ የሚቀመጥ ፊድ፦ ግሪድ፣ ስላይደር፣ ሜሶነሪ ወይስ ሌላ?

ሱቁ ሱሉልታ ወይም ገላን፣ ደንበኛው ደግሞ ቦሌ ወይም ፒያሳ ሲሆን መጥቶ ዕቃውን ዳስሶ የሚገዛ ጥቂት ነው። ሰበታ ያለ የሶፋ ወርክሾፕ፣ ለገጣፎ ያለች ሀበሻ ልብስ ሰፊ፣ ቡራዩ ያለ ችግኝ ሻጭ የኢንስታግራም ወይም የቴሌግራም ፖስቶቻቸውን ዌብሳይታቸው ላይ በፊድ (ፖስቶችን ሰብስቦ በሚያሳይ ክፍል) ቢያወጡ ለማስዋብ ብቻ አይደለም። ደንበኛው ቀብድ ከመላኩ በፊት «ሰዎቹ በእርግጥ አሉ? በቅርቡስ ምን ሠሩ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፊዱ የሚመልሰው ይህንን ነው። አደራደሩም መመዘን ያለበት በዚሁ ነው። በደንበኛው ስልክና በደንበኛው ዳታ ሥራችሁን በግልጽ ካላሳየ ማማሩ ምንም አይጠቅምም።

መልሱን ቶሎ ለሚፈልግ፦ አብዛኛው አነስተኛ ሱቅ የሚበቃው 6 ፎቶ ያለው፣ በስልክ ላይ 2 ዓምድ የሚሆን ቋሚ ግሪድ (እኩል ሳጥኖች በመስመርና በዓምድ የሚደረደሩበት) ነው። ከዚህ በታች ያለው ይህ የማይሠራው መቼ እንደሆነና የሚሠራውንም ምን እንደሚያበላሸው ነው።

መጀመሪያ 12 ፖስት ቁጠሩ

ፕለጊን (ፊዱን ዌብሳይታችሁ ላይ የሚያወጣ ተጨማሪ ፕሮግራም) ከመጫናችሁ በፊት ገጻችሁን ክፈቱና የመጨረሻዎቹን 12 ፖስቶች ተመልከቱ። ከሥራቸው ያለውን ጽሑፍ በእጃችሁ ሸፍኑት። ያለ ጽሑፍ ዕቃውን በግልጽ የሚያሳዩት ስንቶቹ ናቸው? ስንቶቹስ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚሉ የበዓል ፖስተሮች፣ ስልክ ቁጥር የሞላባቸው ማስታወቂያዎች ወይም ከሌላ ቻናል የተላለፉ ናቸው?

8 እና ከዚያ በላይ ጥሩ የዕቃ ፎቶ ካገኛችሁ ግሪድ ያለ ብዙ ጣጣ ይሠራል። ከ4 እስከ 7 ከሆነ ፖስቶቹን በእጅ መርጣችሁ የምታስገቡበት አደራደር ያስፈልጋችኋል፤ በራሱ የሚታደስ ፊድ ያሳፍራችኋል። ከ4 በታች ከሆነ ችግሩ የአደራደር አይደለም። ፊዱን ለጊዜው ተዉትና ግማሽ ቀን ወስዳችሁ በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንሡ።

ሁለተኛው የሚታየው ነገር የፎቶዎቹ ቅርጽ ነው። ካሬ፣ ቁመታም (4 ለ 5 ወይም 3 ለ 4) እና የሪልስ ቁመት (9 ለ 16) ተቀላቅለው ከሆነ ግሪዱ የሆነ ቦታ መቁረጡ አይቀርም። የሚቆርጠው የት ላይ እንደሆነ ማወቅ የእናንተ ሥራ ነው።

ግሪድ

ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ለዌብሳይት የሚያቀርቡት ስፋት 360 ፒክስል ገደማ ነው። በግራና በቀኝ 16 ፒክስል ጠርዝ፣ በፎቶዎች መካከል 8 ፒክስል ክፍተት ብትተዉ፣ 2 ዓምድ እያንዳንዱን ፎቶ 160 ፒክስል ያደርገዋል፤ 3 ዓምድ ግን 104 ፒክስል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። 160 ላይ የቀሚስ ጥለት ቀለሙና አሠራሩ ይለያል፤ 104 ላይ ጥለቱ አንድ ባለቀለም መስመር ሆኖ ይቀራል። ብዙ ፕለጊኖች ግን ኢንስታግራምን ለመምሰል ሲሉ በስልክም ላይ 3 ዓምድ ያደርጋሉ። «በስልክ ላይ የሚታይ የዓምድ ብዛት» የሚል ምርጫ ፈልጋችሁ 2 አድርጉት። ከኮምፒውተሩ ምርጫ የተለየ ነው፤ አንዱን መቀየር ሌላውን አይቀይረውም።

ብዛቱን 6 ወይም 12 አድርጉት። 6 ለ2፣ ለ3 እና ለ6 ይካፈላል፤ 12 ደግሞ ለ4ም ጭምር። 10 ፎቶ በ4 ዓምድ ብትደረድሩ የመጨረሻው መስመር ላይ 2 ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ደንበኛው ደግሞ ፎቶ ሳይጫን የቀረ ይመስለዋል።

ዋናው ጠላት መቆረጥ ነው። 1080 በ1350 ፒክስል የሆነ ቁመታም ፎቶ በካሬ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ከላይ 135፣ ከታች 135 ፒክስል ይጠፋል። 1080 በ1440 ከሆነ ከየጫፉ 180 ይሄዳል። ሶፋ ላይ ብዙም አይጎዳም፤ ቀሚስ ላይ ግን የሚጠፋው የአንገቱ ጥልፍና የታችኛው ጥለት ነው፤ ማለትም ደንበኛዋ ልታየው የመጣችው። ኢንስታግራም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የፕሮፋይል ግሪዱን ከካሬ ወደ ቁመታም ቀይሯል፤ የእናንተም በካሬ የሚቆይበት ምክንያት የለም። የፎቶ ምጥጥን የሚለውን ምርጫ 4 ለ 5 ወይም 3 ለ 4 አድርጉት። ፕለጊኑ ይህን ካልፈቀደ ፎቶ ስታነሡ ዕቃውን መሃል አድርጉና ከላይና ከታች ባዶ ቦታ ተዉለት።

ስለ ክብደት፦ 160 ፒክስል ቦታ ላይ የሚቀመጥ ፎቶ ጥራት ባለው ስክሪን እንኳ 480 ፒክስል ስፋት ይበቃዋል። በዌብፒ (ፋይሉን በሚያሳንስ የፎቶ ፎርማት) ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ ከ60 ኪሎባይት አይበልጥም፤ ስለዚህ 6ቱ ቢደመሩ 360 ኪሎባይት አካባቢ ናቸው። ያው ግሪድ 12 ፎቶ ሆኖ እያንዳንዱ በሙሉ መጠኑ 250 ኪሎባይት ቢሆን 3 ሜጋባይት ይሆናል። ደንበኛው በዳታ ሆኖ፣ ኔትወርኩ ደከም ባለበት ሰፈር ቆሞ ከከፈተው፣ ግራጫ ሳጥኖች አይቶ ይዘጋዋል።

ስላይደር

ስላይደር፣ ማለትም ወደ ጎን እየተገፋ የሚታይ አንድ መስመር ፎቶ፣ የሚመረጠው ቦታ ሲጠብ ነው። በአንድ ዕቃ ገጽ ላይ፣ ከመግለጫው በታች «ይህ ሶፋ ደንበኞች ቤት ገብቶ» የሚል አንድ መስመር ፎቶ ማሳየት ከፈለጋችሁ ከግሪድ ይሻላል፤ ቁመቱ የአንድ ፎቶ ያህል ብቻ ነው፣ የሚቀጥለውን ነገር ወደ ታች አይገፋውም።

ዋናው ድክመቱ፣ ከመጀመሪያው ፎቶ በኋላ ያሉትን ብዙ ሰው አያያቸውም። በአንድ ጊዜ በትክክል 1 ወይም 2 ፎቶ የሚያሳይ ስላይደር ሌላ ፎቶ እንዳለው አያስታውቅም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በስልክ ላይ 1.5 ወይም 2.3 ፎቶ እንዲታይ አድርጉ። ጫፉ ላይ የተቆረጠው ፎቶ ራሱ «ግፋኝ» ይላል። ከሥር የሚደረደሩት ነጥቦች 5 እስኪሆኑ ይጠቅማሉ፣ 12 ሲሆኑ ቆሻሻ ናቸው። ቀስቶቹ ከ48 ፒክስል ካነሱ ጣት ይስታቸውና ፎቶው ይከፈታል።

በራሱ የሚንቀሳቀሰውን አጥፉት። ደንበኛው ፎቶ ላይ የተጻፈ ነገር እያነበበ ሳለ ይሸሸዋል፤ ሊነካ ሲል ደግሞ ሌላ ፎቶ ይመጣበታል። አንዳንድ ስላይደሮች ስክሪፕታቸው እስኪጫን ድረስ ፎቶዎቹን ሁሉ ወደ ታች ደርድረው ያሳያሉ፣ ከዚያ ድንገት ይሰበሰባሉ። ገጹ ይዘላል፤ «ወደ ካርት ጨምር» የሚለውን ሊነካ የነበረ ጣት ሌላ ነገር ላይ ያርፋል። ጉግል ይህን መዝለል በቁጥር ይለካዋል፤ ከ0.1 ያልበለጠ ጥሩ፣ ከ0.25 በላይ መጥፎ ነው። ለስላይደሩ ሳጥን አስቀድሞ ቁመት ከተወሰነለት ችግሩ ይጠፋል።

ሜሶነሪ

ፎቶዎቹ ሳይቆረጡ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቁመት የሚደረደርበት ነው። ሥራቸው የተለያየ ቅርጽ ላላቸው (የብረት በርና መስኮት፣ የቤት ውስጥ ዲዛይን፣ የአትክልት ቦታ ሥራ) በኮምፒውተር ላይ ያምርባቸዋል። ለሌላው አይመከርም። አሠራሩ አንዳንድ ጊዜ አንዱን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ስለሚሻገር ከአዲሱ ፖስት ጎን የሚታየው የቆየ ፖስት ይሆናል፤ ቀጣዩ አዲስ ፖስት ከሥሩ ነው። የፎቶዎቹ ቁመት አስቀድሞ ካልታወቀም ገጹ እየተጫነ ይወዛወዛል። ከ9 ፎቶ በታች ከሆነ ደግሞ ታችኛው ጫፍ ወጣ ገባ ሆኖ ያልተጨረሰ ይመስላል።

ሃይላይት

አንድ ትልቅ ፎቶ፣ ዙሪያውን ትናንሾች። በ4 ዓምድ ሲሰላ ትልቁ 4 ሳጥን ይወስዳል፤ 4 ትናንሽ ሲጨመሩ 8 ሳጥን፣ ማለትም ሁለት ሙሉ መስመር ይሆናል። በስልክ 2 ዓምድ ላይ ትልቁ ሙሉውን ስፋት ይይዝና 4ቱ በሁለት መስመር ይከተላሉ። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር 5 ነው። 6 ብታደርጉት አንዱ ብቻውን ይቀራል።

አንድ ትልቅ ሥራ ለሚያሳይ ሱቅ ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነው፤ ግን በራሱ እንዲታደስ ከተተወ ትልቁን ቦታ የሚይዘው የመጨረሻው ፖስት ነው። የመጨረሻው ፖስት የመስቀል ወይም የኢድ መልካም ምኞት ከሆነ፣ የሱቁ ትልቁ ፎቶ ለሁለት ሳምንት የደመራ ሥዕል ነው። ይህን አደራደር የምትመርጡ ከሆነ ትልቁን ፖስት በእጅ ምረጡ፣ ወይም በአንድ የራሳችሁ ሃሽታግ ብቻ የሚያጣራ ፕለጊን ተጠቀሙ። ሁለቱንም ማድረግ ካልቻላችሁ ወደ ግሪድ ተመለሱ።

ጽሑፍ ያለው ዝርዝር

አንዳንድ ሻጮች ሁሉንም ነገር ካፕሽን (ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ) ውስጥ ይጽፋሉ፦ መጠን፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የማድረሻ ሰፈር። የዶሮ መኖ፣ ብሎኬት፣ ችግኝ የሚሸጡ እንዲህ ቢያደርጉ ተገቢ ነው፤ የብሎኬት ፎቶ ብቻውን ምን ይናገራል? ለእነሱ አንድ ዓምድ፣ ፎቶ ከላይ ጽሑፍ ከታች የሚለው አደራደር ይበልጣል። 3 ፖስት ይበቃል።

አማርኛ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ይይዛል። ካፕሽኑን በባይት ቆጥሮ የሚቆርጥ ፕለጊን «100» ሲባል 33 ፊደል አሳይቶ 34ኛውን መሃል ላይ ይበጥሰዋል፤ መጨረሻው ላይ ጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ የሚታየው ለዚህ ነው። ቁጥሩን በ3 የሚካፈል፣ ለምሳሌ 300 አድርጉት፣ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል፤ ካፕሽኑ ውስጥ ባዶ ቦታና አሃዝ ካለ ግን ስሌቱ ይዛባል። አስተማማኙ በፊደል ወይም በመስመር የሚቆርጥ ምርጫ ያለው ፕለጊን ነው። የመስመሮቹን ርቀት 1.6 አካባቢ አድርጉት፤ ለላቲን ፊደል የተሰጠው ርቀት ለእኛ ይጠብባል። ጽሑፉን 2 ዓምድ ውስጥ አትክተቱት። 160 ፒክስል ላይ የሚገባው 12 ገደማ ፊደል ነው፤ «ለደንበኞቻችን» ብቻውን 8ቱን ይወስዳል።

ፖስቱ ከየት ይመጣል?

አደራደሩን የሚወስነው ግማሹ ነገር ምንጩ ነው።

ኢንስታግራም፦ የግል አካውንት ከዌብሳይት ጋር የሚያገናኘው መንገድ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። አካውንቱ ቢዝነስ ወይም ክሪኤተር መሆን አለበት፤ ለውጡ በነጻ ከሴቲንግ ውስጥ ይደረጋል። ግንኙነቱ የሚቆየው በቶክን (ኢንስታግራም ለፕለጊኑ በሚሰጠው የመግቢያ ቁልፍ) ነው፤ ቶክኑ 60 ቀን ይቆይና ፕለጊኑ በራሱ ያድሰዋል። የይለፍ ቃል ስትቀይሩ ግን ሊቋረጥ ይችላል፤ ፊዱ ድንገት ከቆመ መጀመሪያ የምታዩት ይህንን ነው። በዎርድፕረስ (የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም) ላይ በስፋት የሚታወቀው ስማሽ ባሉን የተባለው ፕለጊን በነጻው ቅጂ የሚሰጠው ግሪድ ነው፤ ስላይደር፣ ሜሶነሪና ሃይላይት የሚከፈልባቸው ናቸው። ክፍያው በዶላር ነው፤ እዚህ አገር ሆኖ በየዓመቱ በካርድ ማደስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ታውቁታላችሁ። ይህ ብቻውን ብዙዎችን ግሪድ ላይ ያስቀራል፣ ክፉም አይደለም።

ቴሌግራም፦ ኦፊሴላዊው መንገድ አንድን ፖስት በአንድ ጊዜ መለጠፍ ብቻ ነው፤ ቻናሉም የሕዝብ መሆን አለበት። ሙሉ ፊድ የሚያመጣ መሣሪያ ቴሌግራም አልሠራም። 6 ፖስት ብትለጥፉ 6 የተለያዩ መስኮቶች ይጫናሉ፤ ግሪድ ለመሆንም እሺ አይሉም፤ አንድ ዓምድ ላይ 2 ወይም 3 ብቻ አስቀምጡ። ፕሮግራመር ካላችሁ ቦት (በቴሌግራም ላይ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ሠርቶ የቻናሉ አድሚን በማድረግ ፖስቶቹን ወደ ሱቁ ማምጣት ይችላል። ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። አንደኛ፣ ቦቱ የሚያገኘው ከገባበት ጊዜ ወዲህ ያለውን ነው፤ የድሮውን በእጅ ማስገባት ግድ ነው። ሁለተኛ፣ 5 ፎቶ ያለው አልበም ለቦቱ የሚደርሰው እንደ 5 የተለያየ መልእክት ሲሆን ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። በአልበም መለያቸው ካልተሰበሰቡ አንድ ሶፋ 5 ሳጥን ይይዛል፣ 4ቱም ዋጋም ስምም የላቸውም።

ቲክቶክ፦ የሚሰጠው የመለጠፊያ ኮድ ዝቅተኛ ስፋት 325 ፒክስል ነው፤ የኢንስታግራሙ ደግሞ 326። ስልኩ 360 ሆኖ ጠርዛችሁ 16 ከሆነ የሚቀረው 328 ነው፤ ለትንሽ ይገባል። ጠርዛችሁ 20 ከሆነ 320 ይቀርና ቪዲዮው ገጹን አልፎ ይወጣል፤ ገጹ በሙሉ ወደ ጎን ይንሸራተታል። «ሳይቱ ስልክ ላይ ይወዛወዛል» የሚለው ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ። ቪዲዮ ከአንድ በላይ አትለጥፉ። ብዙ ማሳየት ካስፈለገ የቪዲዮውን ሽፋን ፎቶ ግሪድ ውስጥ አስገቡና ወደ ቪዲዮው ሊንክ አድርጉ።

ፌስቡክ፦ የገጽ ሳጥኑ ስፋት ከ180 እስከ 500 ፒክስል ነው። ውስጡን መቀየር አይቻልም። ለአድራሻ ገጽ ይሆናል፤ ለመሸጫ ገጽ አይሆንም።

ሌላው መታሰብ ያለበት ነገር፣ ፊዱ በቀጥታ ከመድረኩ የሚመጣ ከሆነ መድረኩ ሲዘጋ የእናንተም ገጽ ይጎድላል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገድበው ነበር። የፎቶዎቹን ቅጂ በራሱ ሰርቨር ላይ የሚያስቀምጥ ፕለጊን፣ ወይም በእጅ የተጫነ ግሪድ፣ እንዲህ ሲሆን ሳይነካ ይቆያል። የኢንስታግራም ፎቶ አድራሻ ኮፒ አድርጎ ገጹ ላይ መለጠፍ ግን አያዋጣም፤ አድራሻው ከጊዜ በኋላ ይሞታል፣ በፎቶው ቦታ የተሰበረ ምልክት ይቀራል።

ሲነካ ወዴት ይሂድ?

ከአደራደሩ ይልቅ ሽያጭ ላይ የሚታየው ይሄኛው ነው፤ ብዙ ሱቅ ግን ፕለጊኑ እንደመጣ ይተወዋል። በነባሪው ፎቶው ሲነካ ኢንስታግራም ይከፈታል። ሊገዛ የመጣ ሰው ወደ መተግበሪያው ገብቶ የሌላ ሻጭ ቪዲዮ ሲያይ ያመሻል። እያንዳንዱን ፎቶ ከራሱ የዕቃ ገጽ ጋር አገናኙ፤ ከዚያ ካርት፣ ከዚያ በቴሌብር ወይም በቻፓ ክፍያ። ፕለጊኑ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ፣ በነጻዎቹ ዘንድ የተለመደ ነውና፣ 6 ፎቶ በእጅ አስገብቶ 6 ሊንክ መስጠት የ20 ደቂቃ ሥራ ነው። በእውነቱ በወር ሁለቴ ለሚፖስት ሱቅ ከየትኛውም ፕለጊን ይሻላል።

ዋጋ ፎቶው ላይ አትጻፉ። የእንጨት ወይም የጨርቅ ዋጋ ሲቀየር የዕቃ ገጹን በደቂቃ ታስተካክላላችሁ፣ ፎቶው ግን የድሮውን እያሳየ ይቀራል፤ ደንበኛም ስክሪንሾቱን ይዞ ይመጣል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ፎቶም ግሪድ ውስጥ አይግባ፤ ዋጋው አንድ ንክኪ ርቆ እያለ ለምን ይባላል?

ፊዱን የምታስቀምጡት በመነሻ ገጽ ላይ ከዕቃዎቹ ዝርዝር በታች፣ ከአድራሻና ከማድረሻ መረጃ በላይ ነው። የተከታይ ብዛት የሚያሳየውን ራስጌ፣ «ተጨማሪ አሳይ» የሚለውን ቁልፍና የላይክ ቁጥሩን አጥፉ። ፎቶዎቹ ደንበኛው ወደ እነሱ ሲደርስ ብቻ እንዲጫኑ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ። ከዚያ ዋይፋይ አጥፍታችሁ፣ ርካሽ ስልክ ተውሳችሁ፣ ከዚህ በፊት ሳይቱን ባልከፈተ ብሮውዘር በዳታ ክፈቱት። የምታዩት ሦስት ነገር ነው፦ ገጹ እየተጫነ ይዘላል? ወደ ጎን ይንሸራተታል? የመጀመሪያው ፎቶ ሲነካ ዋጋ ያለበት ገጽ ይከፈታል? ሁሉም ካለፈ በየወሩ አንድ ቀን ተመሳሳዩን አድርጉ፤ የመጨረሻው ፖስት 2 ወር ካለፈው ደግሞ በራሱ የሚታደሰውን አቋርጡና ምርጥ 6 ሥራችሁን በቋሚነት አስቀምጡ።